እንግዳ አይጠርግም

ወንድሜ ካሚዮኑን ደሴ ፒያሳ ላይ ሲያቆም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የሱቆቹን ቆርቆሮ ሸፍኖታል። በብርዱ ላሳብብ እችላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼም ነበር። ከአሥመራ ተነስተን፣ ሰንዓፌን አልፈን፣ ትግራይን አቋርጠን እስክንደርስ ድረስ አነጋገሩም አለባበሱም እየተለወጠብኝ መጣ። ጣሊያን በካርታው ላይ ሁሉንም አንድ ቀለም ቀብቶት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ወሎ ሌላ አገር ነበረች። አማርኛውን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ገና አፌን ስከፍት ከመረብ ማዶ መምጣቴን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅብኛል።

"አሁንም መመለስ ትችያለሽ" አለኝ ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ።

"አልመለስም።"

"እሺ፣ እናያለን" አለና በሩን ከፍቶ ወረደ። እኔ ስከራከር እሱ መውረድ ልማዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ለጣሊያኖች ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ካሚዮኑ ኮምቦልቻ ላይ ተሰብሮበት፣ መለዋወጫው እስኪመጣለት ድረስ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት ቤታቸው አስገብተው አበሉት፣ አጠጡት። አገር ቤት ተመልሶ ስለ እሳቸው ሲያጫውተን፣ "ልጆቻችን ቁርኣን ይቀራሉ፤ ፊደል የሚያስቆጥርልን ግን ጠፋ" ማለታቸውን አነሳ። እሱ ለጨዋታ ያነሳውን እኔ ለቁም ነገር ያዝኩት። ሚሲዮን ቤት ተምሬ ማንበብና መጻፍ ችያለሁ፤ ያን ሁሉ ተምሬ ግን የምሠራበት ቦታ አጥቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። በዚያ ላይ አባቴ ብዙ ከብት ላለው ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ሰውየውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያዛጋ ነበር።

ደመወዝ አልጠየቅኩም፤ የሚከፍለኝም አልነበረም። ወንድሜ አባታችንን "ትሂድና ይውጣላት" ብሎ ለመነልኝ። የእኔና የእሱ ውል ደግሞ ይህ ነበር፤ ክረምቱ መንገዱን ሳያበላሸው ተመልሶ ይመጣል። ተማሪ ሰብስቤ ሳስተምር ካገኘኝ እቀራለሁ። እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ካገኘኝ ግን ቃል ሳልተነፍስ ካሚዮኑ ላይ ወጥቼ ወደሚያዛጋው ሰውዬ እመለሳለሁ። በማርያም አስማለኝ። ተማሪማ ሞልቶ ብዬ ማልኩ።

እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የሱ ባልንጀራ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ብርዱ እየለቀቀን ሄደ፤ ታች ስንደርስ ጋቢዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አጥፌዋለሁ። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወንድሜን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"አልሐምዱሊላህ! ያ ልጅ መጣ! ይችስ ማን ናት?"

"እህቴ ናት፣ እማማ። አስተማሪ ናት።"

"ማሻአላህ! ግቡ፣ ግቡ" አሉ። ስለ ማስተማሩ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ወንድሜ ምሳውን በልቶ ወደ ሐርቡ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እኔም ይህንኑ ተረት እያሰላሰልኩ ነበር የመጣሁት። እጫናለሁ፣ እለጎማለሁ፣ ጉልበቴ እስኪዝል እለፋለሁ ብዬ ነበር። የሚጭነኝ ሰው ግን ጠፋ።

የቤቱ ምርጥ መደብ ለእኔ ተነጠፈ። ወተቱ ከሁሉ በፊት ለእኔ ይቀዳል። ሙስሊም ያረደውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ፣ ዶሮ ባማራቸው ቁጥር አንዷን ለእኔ ለብቻ ከክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው በሌላ ድስት ያሠሩልኛል። እንስራ ላነሳ ስል ከእጄ ይወስዱታል። እንጨት ላቀብል ስል "ተይ፣ ይወጋሻል" ይሉኛል። አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁና መጥረጊያውን ይዤ ግቢውን ጀመርኩት። ሴትዮዋ እሳት እንደነካው ሰው ዘለው መጡ።

"አስተግፊሩላህ! እንግዳ ይጠርጋል እንዴ? የቤቴን በረካ ጠርገሽ ልታወጭብኝ ነው?" ብለው መጥረጊያውን ቀሙኝና ቆጥ ላይ ወረወሩት።

"እማማ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ላስተምር ነው።"

"አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ። መጀመሪያ ዕረፊ።"

"አርፌያለሁ እኮ!"

ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩኝ። "ገና ነሽ። መንገዱ ከፊትሽ አልወረደም።"

ጎረቤቱም ያው ነው። ዛሬ አንዷ ትጠራኛለች፣ ነገ ሌላዋ። በየቤቱ ተቀምጬ እበላለሁ፣ እመረቃለሁ፣ እሸኛለሁ። ለምን እንደመጣሁ የሚጠይቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ እንደተረዳሁት በዚያ አገር እንግዳን ምን አመጣህ ብሎ መጠየቅ መቼ ትሄዳለህ ከማለት አይለይም። እንግዳ ላይ ሥራ መጫን ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው። ልጄን አስተምሪልኝ ማለት ለእነሱ እንጨቴን ፍለጭልኝ እንደማለት ነበር። እኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይሆናል ይባላል። ኮምቦልቻ ግን ወርቅነቴ አልለቅ አለኝ።

የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ። ልጆቹ የሚሰሙት እሳቸውን ነውና ሄጄ ተማሪ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ከመቁጠሪያቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ" አሉኝ። መልካም ምክር ነው። የእኔ እንቁላል ግን ክረምት ሳይገባ እግር ማውጣት ነበረበት። ደመናው ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ ጀምሯል። በየማለዳው የካሚዮን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወንድሜ መጣ ብዬ ወደ አጥሩ እሮጣለሁ።

ስለዚህ በራሴው ቆረጥኩ። ከሚሲዮን ይዤው የመጣሁትን የፊደል ገበታ አወጣሁና ከመንገዱ ዳር ያለው ዋርካ ግንድ ላይ በገመድ አሠርኩት። ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፍ ልጅ አይቶ ይጠጋል፣ የተጠጋውን አስቀራለሁ ብዬ ነው።

ልጆች መጡ። ከሩቅ ቆመው አዩኝ፣ ተንሾካሾኩና ሮጠው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ትኩስ ዳቦ በቅጠል ጠቅልላ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና "እናቴ ናት" ብላ በረረች። ሌላው እርጎ ይዞ መጣ። ሌላዋ ቆሎ። ፊደሉን ቀና ብሎ ያየ የለም። እኔም ለአስተማሪያቸው ያመጡት መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ሀ ብዬ ጀመርኩ። የሚሰማኝ ግን ዳቦው ብቻ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ምግቡ በዛ እንጂ ተማሪ አልመጣም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መንደሩ በሙሉ ያወቀውን መጨረሻ ላይ የሰሙት ሴትዮዋ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። ዘንቢላቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

"ቤቴ ምን ጎደለሽ?" አሉኝ። "ምን አጥተሽ ነው መንገድ ዳር የምትቀመጭ? እሷ ቤት ያለችው እንግዳ ተርባ ዋርካ ሥር ወጣች እየተባልኩ ነው። ባሌ በቁሙ እያለ እንግዳው ጠግቦ ነበር የሚወጣ። ሞተና ይኸው ተሰደብኩ!" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ያኔ ነው የገባኝ። ለመንደሩ እኔ አስተማሪ አልነበርኩም፤ ቤት ውስጥ ያልተቀመጠላት እንግዳ ነበርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ጊዜ ያጠራቀምኩት ንዴት ገነፈለብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ አማርኛዬም ትግርኛዬም ተደባልቆ እየወጣ ጮህኩ።

"እንግዳ መሆን ሰለቸኝ፣ እማማ! ጠገብኩ! አጥንቴ እስኪወፍር ጠገብኩ! እናቴ ቤት እንደዚህ ተቀምጬ ብውል በዱላ ነበር የምታስነሳኝ። ወንድሜ መጥቶ እጄን አጣጥፌ ካገኘኝ ይዞኝ ይሄዳል፤ ለማላውቀው ሰው እዳራለሁ። እዚህ ውሃ መቅዳት አልችል፣ መጥረግ አልችል፣ ማስተማር አልችል። ታዲያ ምን ልሁን?"

ሴትዮዋ ማልቀሳቸውን አቁመው አዩኝ። ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

"ልትዳሪ?" አሉ በመጨረሻ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ወንድማቸው ሼሁ ቤት መሄዳቸውን ሰማሁ። አባረሩኝ ብዬ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ሼሁ መካከል ናቸው። እኔን ጠሩኝ። ሴትዮዋ ትንሽ የማር ቅል ይዘው ነበር። በወሎም በእኛም አገር የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ባዳውን ልጅ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በምስክር ፊት ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው፤ የሚለየው የለም። በወሬ ሰምቼው ነበር እንጂ በራሴ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ይህ የሸሪዓ ነገር አይደለም፤ ያባቶቻችን ልማድ ነው" አሉ። "ዱዓው ግን የአላህ ነው። ማተቧ ካንገቷ አይወርድም፤ የኛም ሶላት ከቤቱ አይታጎልም። በዚህ ከተስማማሽ ተንበርከኪ።"

ተንበረከክኩ። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው አፌ ውስጥ ከተቱት። ማሩ ጣፋጭ ነበር፤ ጣታቸው ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለችኝ የወለደችኝ እናቴ ናት። ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ ልቤ ተሸበረ። ቢሆንም ጣቱን አልተፋሁትም።

"ጡቴን ጠብታለች። ልጄ ናት። ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት" አሉ። ሼሁ መረቁ፤ አገር አልብሳት፣ እጇን ለምለም አርግላት፣ ቃሏን ልብ ላይ የሚቀር አርግላት እያሉ። ሁሉም አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ብርድ ልብሴ ተገፈፈ።

"ተነሽ እንጅ! ፀሐይ አናትሽ ላይ እስክትወጣ ልትተኝ ነው? ውሃ የለም፣ ግቢው አልተጠረገ! ምን ዓይነት ልጅ ነው የሰጠኝ፣ ያ ረቢ!"

እንደዚያን ቀን ጠዋት ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጥረጊያውን ከቆጡ ላይ አውርጄ ጠረግኩ። ሳላስበው እርስዎ ማለቴም ቀርቶ "እማ፣ እንስራው የት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ዓይን የለሽም?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንች ነው የምላት። ውሃ ቀድቼ ስመለስ እማ ቤት ለቤት ዞራ ጨርሳለች። "ልጄ ፊደል ታስቆጥራለች። ልጆቻችሁን ላኩ" ብላለች። ልጅ ለጎረቤት ይታዘዛል፤ በልጇ ማዘዝ ደግሞ መብቷ ነው። ነውሩ ከመሃል ወጣ።

ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። ሼሁ የቁርኣን መቅሪያ ከነበሩት የእንጨት ሰሌዳዎች፣ ከሉሖቹ፣ የተሰነጣጠቁትን እየመረጡ ላኩልኝ። እንጨቱ ላይ በጥላሸት ቀለም እንጽፋለን፣ አጥበን እንደገና እንጽፋለን። ልጆቹ ቁርኣን እንደሚቀሩት እየተወዛወዙ ሀ ሁ ሂ ሲሉ፣ አንዳንዴ እኔም ሳላውቀው አብሬያቸው እወዛወዛለሁ። ያነጋገሬ ለዛ ያስቃቸዋል፤ ጀርባዬን ስሰጥ ያስመስሉኛል። ከእናቶቻቸው ዳቦ መምጣቱ ቀረ። ይልቅ ወቀሳ መጣ፤ "ልጄ እስካሁን ስሙን አልጻፈም፣ ምን እያደረግሽ ነው?" የምትል አንዲት ጎረቤት በየሳምንቱ ትወቅሰኝ ነበር። ወቀሳዋም ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ሰሞን ወንድሜ ከች አለ። ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጮሁ አጥሩ ጥግ ቆሞ ያዳምጣል። ሳየው ሮጬ ተጠመጠምኩበት።

"አሸነፍሽኝ" አለ። ፊቱ ግን አልፈካም። ክንዱ ሥር የተጠቀለለ ነጭ ልብስ ይዟል። "እናታችን የሠርግ ቀሚስሽን ጨርሳለች። አባታችን ቀኑን ቆርጧል። ውላችንን አልካድኩም፤ የአባት ቃል ግን ከእኔና ካንቺ ውል ይበልጣል። ምን ላድርግ ብለሽ ነው?"

ስንት ለፍቼ ያገኘሁት ሁሉ በአንድ ቀሚስ ሊጠቀለል ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት እማ ከጓዳ ወጣች።

"እንግዳ ቆሞ አይወራም። ግባ ልጄ፣ መጀመሪያ ዕረፍ። አንች ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ውሃ አሙቂና የእንግዳችንን እግር እጠቢ!"

ገንዳውን አቀረብኩ። የወንድሜን እግር ማጠብ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ልጅ እያለሁ እያጉረመረምኩ አጥቤዋለሁ። እማ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ ቤቷ እንግዳ ሲቀበል ምንም እንዲጎድል አትፈልግም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደ አገሩ ወግ ጎንበስ ብዬ እግሩን ሳምኩት። በእኛ ቤት የወንድም እግር ይታጠባል እንጂ አይሳምም። የሚሳመው የእንግዳ እግር ነው። ወንድሜ እግሩን ሰብሰብ አደረገና ትክ ብሎ አየኝ።

ምሳው ከክርስቲያን ጎረቤት በታረደ ዶሮ ሆነ። ስለ መሄድ አልተነሳም፤ እንግዳ ሳያርፍ ጉዳይ አይነሳምና። በማግስቱ ጠዋት ሼሁ መጥተው ሲቀመጡ ወንድሜ ብድግ አለ።

"እማማ፣ ውለታዎት ብዙ ነው። እንግዲህ እህቴን ይስጡኝ።"

እማ ወገቧን ያዘች። "ልጄን የፈለገ ሽማግሌ ይልካል" አለች።

ሁሉም ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ሼሁ የማሩን ነገር ሲነግሩት ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞረ።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እናታችንስ?" አለ በትግርኛ፣ ቀስ ብሎ።

ዓይኔን ከፊቱ ወደ ቀሚሱ አወረድኩ። እሱም መደቡ ላይ አስቀመጠው። "ላንቺ የተሰፋ ነው፤ ለማን እመልሰዋለሁ?" አለ። ካሚዮኑ ላይ ከወጣ በኋላ በመስኮቱ "አባታችንን እኔ እችለዋለሁ" ብሎኝ ወደ ደሴ ዳገት ነዳ። ልጆቹ እየጮሁ ተከተሉት። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ቀረሁና ሉሖቹን አጠብኩ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጣሊያን ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ። አባቴ ሞተ፤ ወሬው የደረሰኝ ከዓመት በኋላ ነው። ያስቀራኋቸው ልጆች ሚዜ ሲሆኑ፣ ሲያገቡ አየሁ። እማን በእጄ አስታምሜ ቀበርኳት።

አንድ በጋ በአውቶቡስ ተሳፍሬ አገር ቤት ገባሁ። እናቴ አርጅታ፣ ጎብጣ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰች። አስገባችኝና የቤቱ ጥሩ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። የወንድሜን ሚስት ውሃ አስመጣች፤ ልታጥበኝ ስትል ግን "ተይ፣ እኔ" አለቻት። ተንበርክካ እግሬን አጠበችው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ሳመችው። እግሬን ላሸሽ ብል በእጇ ይዛዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ልጅ ሆኜ የማውቀው መጥረጊያ የሚቀመጠው እዚያው በሩ ጀርባ ነው፤ አነሳሁትና ግቢውን ጀመርኩት። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። አልተቆጣችም። ድሮ ቢሆን ምነው እስካሁን ተኛሽ ብላ ትቆጣኝ ነበር።

"ተይ ልጄ፣ መንገድ አድክሞሻል" አለች። "አንቺ ዕረፊ።"

መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው። መደቡ ላይ ተቀምጬ ስትጠርግ አየኋት።